የላባ ማጥመጃ፦ ከጓዳ ቁሳቁስ እስከ ጣና ዓሣ
(ለማኅበሩ አባላት በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኮንክሪት መነጋገር በለመደው በዚህ መድረክ ላይ ስለ ዶሮ ላባና ስለ መንጠቆ ልናገር መነሣቴ ጥቂቶቻችሁን ሳያስፈግግ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድ መሐንዲስ በምሽት ጊዜው፣ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጓዳ በተገኘ ላባ፣ ክርና ሽቦ የሚሠራት አንዲት ትንሽ ዕቃ ከሙያችን ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱን እንደምታነሣ ለማሳየት እሞክራለሁ። ጥያቄውም «የምንሠራው ሥራ የሚነካውን ፍጡር ምን ያህል እናውቀዋለን?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። በአገራችን የተለመደው የመንጠቆ አጠማመድ ትል፣ ሊጥ ወይም የሥጋ ቁራጭ ሰክቶ መጠበቅ ነው። የላባ ማጥመጃ ግን የሚበላ ነገር የለበትም። በባዶ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር ተጠምጥሞ፣ በውኃ ላይ ያረፈ ነፍሳት ወይም የምትዋኝ ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ተደርጎ ይሠራል። ፈረንጆች «ፍላይ»፣ ማለትም ዝንብ፣ ይሉታል፤ ነገር ግን በዚህ ስም ከሚጠሩት ማጥመጃዎች ብዙዎቹ የሚመስሉት ዝንብን ሳይሆን ትንሽ ዓሣን ነው።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያኑስ፣ በመቄዶንያ አስትሬዩስ በተባለ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የሚወጡ፣ የሰም መልክ ያላቸው ሁለት ላባዎች አስረው፣ ስድስት ጫማ በሚሆን ዘንግና በዚያው ልክ በሆነ ክር ያጠምዱ እንደ ነበር ጽፏል። በሃያኛው ምዕት ዓመትም ፍራንክ ሶየር የተባለው እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ በዓለም የታወቀለትን ማጥመጃ የሠራው በሁለት ነገሮች ብቻ፣ ይኸውም ፌዛን በተባለች ወፍ የጭራ ላባና በቀጭን የመዳብ ሽቦ ነበር። ሽቦው እንደ ክር ያስራል፤ እንደ እርሳስም ያሰጥማል። ሌላውን ማጥመጃውን ደግሞ ልብስ ለመጥቀም በሚሸጥ የሱፍ ክር ሠርቶታል። እንግዲህ ቤት ባፈራው ነገር መሥራት የድህነት ማካካሻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የጥበቡ መነሻም ይኸው ነውና።

በአገራችን በላባ ማጥመድ የሚታወቀው ይበልጡን በባሌ ነው። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ እንደ ዌብ ባሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቋል። ለዚያ ዓሣ የሚሆነውን ማጥመጃ እንዳለ ወደ ጣና ማምጣት ግን አይበጅም። ማንኛውም ንድፍ ከተጠቃሚው ይጀምራልና፣ አስቀድመን የጣናን ዓሣ ልናውቅ ይገባናል።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፋት ሲኖረው፣ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ፣ እጅግ የጠለቀው ሥፍራም 14 ሜትር ያህል ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ከሚሆን ገደል ስለሚወረወር፣ በታችኛው ዓባይ የሚኖር ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህም የጣና ዓሦች ከሌላው ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት በራሳቸው መንገድ ኖረዋል።

በገበያ የምናውቃቸው ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅ ስለ ሆነ ላባ አሳዶ የመያዝ ጠባይ የለውም። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ቢሆንም ምግቡን ይበልጡን የሚፈልገው በጨለማ፣ በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው። የእኛ ተጠቃሚ እንግዲህ ነጭ ዓሣ ነው።

ሆኖም ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ላቤዮባርቡስ የሚል የሳይንስ ስም ያለው ይህ ወገን በጣና ውስጥ ብቻ 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሉት ተመዝግቧል። ከነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ነገሩን እጅግ አስደናቂ የሚያደርገው እነዚህ አዳኞች በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ጥርሳቸው ያለው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ከመካከላቸው አንዱ መልኩ ትራውትን ስለሚመስል ሳይንቲስቶች በላቲን ስሙን «ትራውት መሰል» ብለውታል። የሚያሳድዷቸውም ቁመታቸው ከ10 ሣንቲ ሜትር የማይበልጡ ትናንሽ ዓሦች ናቸው።

ከዚህ በመነሣት የዕቃው መስፈርት ይወጣል። ማጥመጃችን ከ4 እስከ 6 ሣንቲ ሜትር የምትሆን ትንሽ ዓሣ መምሰል አለባት። ነፋስ ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ከሥር ስለሚያናውጠውና የክረምት ጎርፍም ደለል ስለሚያገባ የጣና ውኃ ድፍርስ ነው። ስለዚህ ረቂቅ የቀለም ልዩነት ከንቱ ድካም ይሆናል፤ የሚፈለገው ጥቁር ጀርባ፣ ነጭ ሆድ፣ ጥቂት ብልጭታና ብዙ እንቅስቃሴ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች የሚሰጥ ቁሳቁስ ከየት ይገኛል ለሚለው መልሱ «ከየቤታችሁ» የሚል ነው።

ለእንቅስቃሴ ላባ ይፈለጋል። በበዓል ዋዜማ በየቤቱ ዶሮ ይታረዳል፤ ላባውም ይጣላል። የሚፈለገው ከአንገትና ከወገብ ላይ ያለው ረዘም ያለ ላባ ሲሆን፣ ዶሮው በፈላ ውኃ ከመነከሩ በፊት በደረቁ መነቀል ይኖርበታል፤ የፈላ ውኃ ላባውን ያጣምመዋልና። የአውራ ዶሮ ላባ ጠንካራና አንጸባራቂ ስለ ሆነ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ማጥመጃ ይመረጣል፤ የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳና ውኃ የሚመጥ ስለ ሆነ ለሚሰጥመው ይስማማል። እኛ ገብስማ የምንለው ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ላባ በፈረንጅ ሱቆች በውድ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑን ስትሰሙ የሰፈራችሁን ገብስማ አውራ ዶሮ በሌላ ዓይን ሳታዩት አትቀሩም። በአንጻሩ የሐይቁን ወፎች መንካት ፈጽሞ አይገባም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ከባቢ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ የታረደ ዶሮ ላባም ከበቂ በላይ ነው።

ለብልጭታ በጥበብ ቀሚስ ላይ የሚገባው አብረቅራቂ ክር ይበቃል። ከሸማኔው ዘንድ የሚወድቀው የአንድ ክንድ ቁራጭ ለብዙ ማጥመጃ ይሆናል። ለነጭ ሆድ የተባዘተ ጥጥ፣ ለጥቁር ጀርባ ደግሞ የፍየል ጠጉር ይስማማል። ላባ ቀለም መለወጥ ካስፈለገ በእንሶስላ ይቀላል፤ በእርድ ይቢጫል፤ በሻይ ቅጠል ይጠይማል። በመንከሪያው ውኃ ላይ ጥቂት ሎሚ መጨመር ቀለሙ በላባው እንዲይዝ ይረዳል።

ለክብደት ከተቃጠለ ሞተር ወይም ከአሮጌ ትራንስፎርመር የሚወጣው የመዳብ ሽቦ ወደር የለውም። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ብንሠራ አይከፋም። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ 30 ሣንቲ ሜትር ብንወስድ፣ 1 ሚሊ ሜትር በሚወፍር የመንጠቆ ዘንግ ላይ 80 ጊዜ ያህል ዞሮ 16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይሸፍናል። የመዳብ እፍጋት ከውኃ 8.9 እጥፍ ስለ ሆነ የሽቦው ክብደት 0.084 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ውኃው የሚያነሣው ሲቀነስም በውኃ ውስጥ 0.074 ግራም ያህል ይቀረዋል። ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ማጥመጃዋ ላባዋ እንደ ዣንጥላ ሳያግዳት በዝግታ እንድትሰጥም ወይም እንደ ጠጠር እንድትወርድ የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው። ድርብ ጥምጥም ፈጥና፣ ነጠላ ጥምጥም በዝግታ ትወርዳለች።

ለመንሳፈፍ ደግሞ የታንኳው ሠሪዎች መምህሮቻችን ናቸው። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል በውስጡ አየር የያዘ ለስላሳ ልብ አለው። ከዚህ ልብ በምላጭ የተጠረበ ትንሽ ቁራጭ በመንጠቆ ዘንግ ላይ ሲታሰር ማጥመጃዋ ከውኃ በላይ ትቆያለች። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ወደ ዳር ወጥቶ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ ይህም ቁራጭ ውኃ እንዳይጠጣ በቀለጠ ሰም መቀባት አለበት።

ወደ መሣሪያው እንለፍ። መንጠቆውን አጥብቆ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ከሁሉ በፊት ያስፈልጋል፤ ከሌለ አፏ ቀጭን የሆነ ፒንሳ እጀታዋ በካላማዳሪ ቁራጭ ተጠፍንጎ፣ በጠረጴዛ ላይ በጣውላ ተጣብቃ ይህንኑ ሥራ ትሠራለች። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ እንደ መሆኗ የብስክሌት ጎማን የሚወጥረው ቀጭን ዘንግ በየጥገና ቤቱ ወድቆ ይገኛል፤ ይህ ዘንግ ታጥፎ የስፌት ክር ጥቅል ይይዛል፤ ያለቀ የስክሪብቶ ቀፎም ክሩ የሚያልፍበት ቱቦ ይሆናል። የልብስ መቆንጠጫ ላባ ይይዛል። ለመጨረሻው ቋጠሮ የጥፍር ቀለም እንደ ቫርኒሽ ያገለግላል።

መንጠቆው ብቻ ከገበያ ቢገዛ ይሻላል። በድሮ ዘመን ከስፌት መርፌ ይሠራ ነበር፤ መርፌው እስኪቀላ ግሎ ይለዝባል፤ ይታጠፋል፤ እንደገና ግሎ በውኃ ይጠነክራል፤ በመጨረሻም መልኩ ሰማያዊ እስኪሆን ቀስ ብሎ ይሞቅና ስብራቱ ይቀንስለታል። ይህ ለብረታ ብረት ተማሪ መልካም ትምህርት ነው። የብስክሌቱ ዘንግ ግን እንዲህ ዓይነት ጥንካሬ የሚቀበል ብረት ስላልሆነ መንጠቆ ቢደረግ ዓሣው ሲስበው ይዘረጋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መንጠቆው በሞርሳ ከተያዘ በኋላ በሰም የታሸ ክር ከዓይኑ ጀምሮ እስከ ቆልማማው ድረስ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፤ ሰሙ ክሩን እንዳይንሸራተት ያደርገዋል። በጅራቱ በኩል ሁለት ላባዎች ጀርባ ለጀርባ ይታሰራሉ። ከዚያ የመዳብ ሽቦው ይጠመጠማል፤ በላዩ ጥጡ በክሩ ላይ ተፈትሎ ይዞራል፤ አብረቅራቂው ክርም እርስ በርሱ ሳይደራረብ እንደ ብሎን ጥርስ እየተራራቀ ይከተላል። ጥቁሩ ጠጉር በዓይኑ አጠገብ በጀርባ በኩል ይታሰራል፤ ከርዝመቱም ከመንጠቆው አንድ ጊዜ ተኩል መብለጥ የለበትም። በመጨረሻ ክሩ በራሱ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ተቋጥሮ ይቆረጣል፤ የጥፍር ቀለምም ይቀባል። ሥራው ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያም በባልዲ ውኃ ውስጥ ተጎትታ ትፈተናለች፤ በጎኗ የምትተኛ ከሆነ ጠጉሯ በዝቷል፤ የምትሽከረከር ከሆነ ላባዎቿ እኩል አልታሰሩም ማለት ነው።

ማጥመጃዋ በራሷ ክብደት አትወረወርም፤ ወደ ውኃው የሚወስዳት የክሩ ክብደት ነው። ልዩ ክር የሌለው ሰው የፈረስ ጭራ ጠጉር ሊገምድ ይችላል፤ በእጀታው በኩል ወፍራም፣ በጫፉ ቀጭን እየተደረገ የተገመደ የፈረስ ጠጉር አውሮፓውያን ለብዙ ዘመናት የተጠቀሙበት ነው። ዝንብ ለማባረር የምንይዘው ጭራ እዚህ ላይ ዝንብ ለመወርወር መዋሉ ያስቃል። ጠጉሩም ሆነ ለዘንግ የሚሆነው ቀርከሃ ፈረስና ቀርከሃ ከሚበዙበት ከእንጅባራ አካባቢ ይገኛል። በፈረንጅ አገር አጥማጁ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ በጣና ዳርቻ ግን ቢልሃርዝያና ጉማሬ ስላሉ ከደረቅ መሬት ወይም ከጀልባ ላይ ሆኖ ማጥመድ ግድ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ንና የክልሉን ደንብም አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ ዕቃው ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ዕቃው ስለሚያስተምረን ነገር ነው።

በዚህ መንገድ የሚያጠምድ ሰው አንድ ዓሣ በአንድ መንጠቆ ይይዛል። ወደ ኋላ የዞረችውን የመንጠቆ ጥርስ በፒንሳ ከደፈጠጣት ደግሞ ዓሣውን ሳይጎዳ ሊመልሰው ይችላል። ይህንን ከሌሎቹ ዘዴዎች ጋር እናስተያይ። በወንዞቻችን ለረጅም ዘመን የተሠራበት የብርብራ ፍሬ ዱቄት ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ሳይለይ ያደነዝዛል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሞተር ጀልባ የሚጣል መረብ በጣና ሲጀመር ብዙ ሰው እንጀራ አገኘ፤ ነገር ግን መረቡ በወንዝ አፍ ላይ ሲዘረጋ ዕንቁላል ሊጥል የሚወጣውን ዓሣ በአንድነት ይወስዳል። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓሥር ዓመታት የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን መዝግበዋል።

የዚህን ቁጥር ትርጉም የሌላ አገር ታሪክ ያስረዳናል። በፊሊፒንስ ላናዎ በተባለ ሐይቅ እንደ ጣና ነጭ ዓሣ ያሉ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ የካርፕ ዘመዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ ዝርያዎች 15ቱ እንደ ጠፉ አስታወቀ። ምክንያት የሆኑትም ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልክ ያለፈ ማጥመድ ናቸው። እንግዲህ ጣና የዚህ ዓይነት ወገን ከቀረባቸው እጅግ ጥቂት ሥፍራዎች ዋናው ሆኗል። ጣና ላይ የጠፋ ዝርያ ከየትም ተተክቶ አይመጣም።

ጉዳዩ የአጥማጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ስብሰባ ላይ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ከነዚህ ዝርያዎች በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ይበልጡንም በነሐሴና በመስከረም፣ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ባለበትና ውኃው እየፈሰሰ አየር በሚያገኝበት ሥፍራ ነው። ጠጠሩ ደለል ከለበሰ ዕንቁላሉ ይታፈናል። በእነዚሁ ወንዞችና በገባሮቻቸው ላይ ደግሞ የእኛ ሥራ አለ። በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ ላይ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ቆጋ ላይ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት፣ ርብም ላይ ለመስኖ ግድብ ቆሟል። ለኮንክሪታችንም አሸዋና ጠጠር የምናወጣው ከወንዝ ነው።

እነዚህ ሥራዎች ለሕዝባችን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን የሚጠራጠር ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልጠራጠርም። የምጠይቀው ንድፉ ሲወጣ ዓሣውም በተጠቃሚነት እንዲቆጠር ነው። አንድ ሜትር የሚሆን የውኃ መጥለፊያ ግድግዳ ለእኛ በሥዕል ላይ አንዲት አጭር መሥመር ናት፤ ዕንቁላል ለያዘ ዓሣ ግን ሌላ ጢስ ዓባይ ልትሆንበት ትችላለች። ዓሣው የተፈጥሮውን ፏፏቴ ለሺህ ዓመታት ለምዶታል፤ የእኛን ግድግዳ የሚያገኘው ግን በአንድ ክረምት ድንገት ነው።

ስለዚህ በጣና ተፋሰስ የሚነደፍ ማንኛውም የውኃ ሥራ ሦስት ጥያቄዎች እንዲመልስ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ወንዝ የሚወጣው የትኛው ዓሣ ነው? በየትኛው ወርስ? ይህንን በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከልና የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሊነግሩን ይችላሉ፤ ጥያቄው ግን ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት መቅረብ አለበት። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ዓሣው የሚያልፍበት ዝቅተኛ ደረጃ ያለው መተላለፊያ ሊኖረው፣ ወይም በነሐሴና በመስከረም በሩ ተከፍቶ ሊቆይ ይችላልን? ወጪው አስቀድሞ ሲታሰብ ትንሽ ነው፤ ግንቡ ካለቀ በኋላ ግን እጅግ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ አሸዋና ጠጠር የምናወጣበት ሥፍራ ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥልበት ነውን? ከሆነ ሥፍራው ወይም ወራቱ ሊለወጥ ይችላልን?

በቤት ጠረጴዛ ላይ ላባ የሚያስር ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ሳያዝዘው ይጠይቃል። ዓሣው ምን እንደሚበላ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ወር እንደሚሰወር ካላወቀ ሃያ ደቂቃ የደከመባት ማጥመጃ ባዶዋን ትመለሳለች። ቅጣቱ ፈጣንና ትንሽ ስለ ሆነ ቶሎ ይማራል። በትልልቅ ሥራዎቻችን ላይ ግን የዓሣው መልስ የሚደርሰን ከዓመታት በኋላ፣ የወንዙ አፍ ባዶ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ንድፉን ማረም አይቻልም።

ከእናንተ መካከል በሚመጣው በዓል የአውራ ዶሮውን ላባ ከመጣል አስቀርቶ፣ ከተቃጠለ ሞተር ጥቂት ሽቦ ፈትቶ ልጆቹን አጠገቡ አስቀምጦ የሚሞክር ቢገኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። አሠራሩን ለማሳየት ሁልጊዜም ዝግጁ ነኝ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለው ወራት ለዚህ መዝናኛ ይበቃል። ክረምቱንና ጥቅምትን ግን ወንዙን ለዓሣው እንተውለት።